«ጠፍ መሬት ነው» ብለውን ነበር፦ ከይፋት ወደ ፓዊ፣ ከኮኮ ወንዝ ወደ ታስባ ፕሪ

ጠባሴ_ማዶ፦

ጤና ይስጥልኝ የቤቱ ሰዎች። ረዘም ያለ ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

አጎቴ ለሕክምና ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን መጥተው እኛ ቤት አሉ። ቆላ የለመዱ ሰው ናቸው። ሁለት ጋቢ ደርበውም ከከሰሉ አይርቁም። ባለፈው ማታ መብራት ሲጠፋ ወሬ ተጀመረ። በ1977 በድርቁ ጊዜ ከይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ተጭነው መተከል ውስጥ ፓዊ ሠፍረው እንደነበር አውቃለሁ። ደርግ ሲወድቅ ነው የተመለሱት። የማላውቀው የመጀመሪያውን ሳምንት ነበር።

«ጠፍ መሬት ነው፣ ሰው የለበትም ብለውን ነበር» አሉኝ። «ጎጆ ልንቀልስ ስንመነጥር ወፍጮ አገኘን። መጁ ላዩ ላይ ተደፍቶ ተቀምጧል። ቀና ስል ዛፉ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል፣ ንቡ ገና ይገባል ይወጣል። ልጄ፣ መጁን ደፍቶ የሄደ ሰው እኮ ሊመለስ ያሰበ ነው።»

ቦታው የጉሙዝ ነበር። ጉሙዝ መሬቱን ለጥቂት ዓመት ቆፍሮ ይዘራና ያሳርፈዋል፣ ወደ ሌላው ይዞራል፣ ከዓመታት በኋላ ይመለሳል። ይህን ለማያውቅ ሹም ያረፈ መሬት ጠፍ መሬት ነው።

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ሌላ አገር እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ እንደሁ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። መካከለኛው አሜሪካ፣ ኒካራጓ ላይ ቆምኩ። ሳንዲኒስታ የሚባሉት የግራ አብዮተኞች አምባገነኑን ሶሞዛን ጥለው ዋና ከተማዋ ማናጓ የገቡት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 1979 ነው። በእኛ ሐምሌ 12 ቀን 1971። የእኛ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የጀመረው በዚያው ወር ነው፣ ሐምሌ 1። እነሱም በዓመቱ መሃይምነትን ለማጥፋት ወጣቱን አዘመቱ። ሁለቱም ዘመቻዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ተሸለሙ። ለካ ሁለቱ አብዮቶች ሳይተዋወቁ አብረው ነው የሄዱት።

በኒካራጓ ምሥራቅ፣ በካሪቢያን ባሕር ዳር፣ ሚስኪቶ፣ ሱሞና ራማ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች አሉ። ሳንዲኒስታዎች ሲመጡ ያን ዳርቻ «እየነቃ ያለ ግዙፍ» ብለው ጠሩት። ተኝቶ ነበር ማለት ነው እንግዲህ! መጀመሪያ ቅሬታ ሆነ፣ ከዚያ እስር፣ ከዚያ ጥይት። እ.ኤ.አ. በጥር 1982 ከሆንዱራስ ጋር በሚያዋስናቸው የኮኮ ወንዝ ዳር የነበሩ 8,500 ያህል ሚስኪቶዎች ተነሥተው ከወንዙ ርቀው ወደ ውስጥ ተወሰዱ። 10,000 ያህሉ ወንዙን ተሻግረው ተሰደዱ። መንደራቸው ተቃጠለ፣ ሰብላቸውም ከብታቸውም አብሮ ጠፋ። አዲሱ የሠፈራ ቦታ ታስባ ፕሪ ተባለ። በራሳቸው በሚስኪቶ ቋንቋ «ነጻ መሬት» ማለት ነው።

ነጻ መሬት። ጠፍ መሬት። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ለድሃ መሬት እሰጣለሁ ብሎ የተነሣ አብዮት ትንሹን ሕዝብ ከመሬቱ የሚነቅለው ለምንድን ነው? የምታውቁ አዋዩኝ።

ብርድ_አይፈራም፦

ወንድሜ፣ መብራት ሲጠፋ ሰው ይተኛል። አንተ ኒካራጓ ገባህ።

መልሱ አጭር ነው። ኮሚኒስት ዞሮ ዞሮ ኮሚኒስት ነው። የሰው ርስት ቀምቶ ለሰው ይሰጣል፣ ቀጥሎ ከሁለቱም ይወስዳል። ለዚህ ባሕር መሻገር አያስፈልግም።

ጋሼ_ዘማች፦

ልጆች፣ እኔ የዚያ ዘመን ሰው ነኝ። በታኅሣሥ 1967 በእድገት በኅብረት ዘምቻለሁ። ወደ 60 ሺህ ተማሪና መምህር ነበርን። ስለዚህ ስድቡ ለእኔም ነው፣ እሺ፣ ተቀብያለሁ።

ግን የብሔረሰብ ጥያቄን ረስተን ነበር እንዳትሉ። «መሬት ለአራሹ» ብሎ ተማሪው አደባባይ የወጣው የካቲት 1957 ነው። በኅዳር 1962 ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጉዳይ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሔት ላይ በግልጽ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ክርክራችን እሱ ብቻ ነበር። በሚያዝያ 1968 የወጣው የደርግ ፕሮግራም እንኳ ለብሔረሰቦች ራስን ማስተዳደር ቃል ገብቷል። በወረቀት አልደኸየንም።

ችግሩ የት እንደነበር አንድ ነገር ልንገራችሁ። የተመደብኩት ደቡብ፣ ቆላ ውስጥ ነበር። የመሬት አዋጁን አነበብንላቸው፣ አስተርጓሚው ላቡ ጠብ እስኪል ተረጎመ። ከዚያ ምዝገባ ጀመርን። ቅጹ ላይ «የበሬ ብዛት» የሚል ዓምድ ነበር። አንድ ሽማግሌ ቀረቡ። በሬ የለም። ማረሻ የለም። በእጃቸው መቆፈሪያ ይዘዋል። ጓደኛዬ ብዕሩን አንሥቶ አየኝ። ምን ልበለው? «ሥራ የለውም» ብሎ ጻፈ። ሰውየው ጎተራቸው ሙሉ ነበር።

አያችሁ፣ «አራሽ» ስንል በዓይናችን ላይ ያለው የሸዋ ገበሬ ነው። ሞፈርና ቀንበር የያዘ። ቆፋሪው፣ አርብቶ አደሩ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ማር ቆራጩ እዚያ ቃል ውስጥ አልገባም። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ ዘላኖች በልማድ በሚያሰማሩበት መሬት የመጠቀም መብት አላቸው ብሎ ጽፏል፣ ይሄንን ለእውነት ስል እናገራለሁ። ግን እዚሁ ከሸዋ ሮቢት ቁልቁል ያለውን አፋር ተመልከቱ። አዋሽ ዳር ያለው ጥሩው የግጦሽ መሬት የጥጥ እርሻ ሆኖ ቆየ። ባለቤቱ ከኩባንያ ወደ መንግሥት ተዛወረ፣ ለግመሉ ግን ያው ነው።

መንዜው፦

ጋሼ፣ እኛ ጋም ቃሉ አልገጠመም እኮ። መንዝ ርስት ነው። አራሹም ባለመሬቱም አንድ ሰው። አያቴ «መሬት ለአራሹ» ሲባል «ታዲያ አሁን የማን ነበር?» አሉ ይባላል። ጭሰኛው በዝቶ የነበረው ቆላው ላይ ነው። ደገኛው ዘመዱን ቆጥሮ የያዘውን መሬት ማኅበር ሲያከፋፍለው ደስ አላለውም።

ብዙም ልናገር አልመጣሁም። ብቻ አዲስ አበባ የተሰፋ ልብስ ለሁሉም ልክ አይሆንም ለማለት ነው።

የአልዩ_አምባ_ልጅ፦

እኔም ልግባ። ሴት ነኝ፣ «ወንድሜ» እንዳትሉኝ፤ ባለፈው ተሳስታችኋል።

ስለ ነባር አናሳ ሕዝብ ሲወራ ሁላችሁም ጋምቤላና መተከል ትሄዳላችሁ። እኛ ከአንኮበር ቁልቁል አንድ ገደል ወርዳችሁ አለን። አርጎባ ነን። አልዩ አምባ በአንድ ወቅት የሐረርና የታጁራ ቅፍለት የሚራገፍበት ገበያ ነበር። ነጋዴ፣ ሸማኔ፣ እርከን ሠርቶ ገደል ላይ የሚያርስ ሕዝብ ነው። ጋሼ ባሉት ዓምድ ሸማኔው የት ይገባል? እኔ እንጃ።

ግን ማንሣት የፈለግሁት ቋንቋውን ነው። የመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ በ15 ቋንቋ ተሰጠ። ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ፣ በኩናምኛ ሳይቀር ፊደል ተቆጠረ። ከ15ቱ ውስጥ አርጎብኛ የለም። አያቴ በአማርኛ ተማረች። የምስክር ወረቀቷ እስክትሞት ድረስ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፣ ጭስ አጥቁሮታል። ስሟን መጻፍ መቻሏ ኩራቷ ነው። አርጎብኛን የምትሰማ እንጂ የምታወራ አልነበረችም። የምታወራው እናቷ ነበረች። እኔ ደግሞ ሰላምታውን እንኳ አላውቀውም።

ስለዚህ «አብዮቱ ቋንቋችንን ገደለው» አልልም። ሲደርስ ጉዳዩ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል። ገበያውም፣ ጋብቻውም፣ ነገሥታቱም አግዘዋል። ብቻ የቆጠሩት ሰዎች ሲቆጥሩ ከጣታቸው ሾልከናል።

ኒካራጓን ያነሣኸው ልጅ፣ እዚያ ደግሞ ይሄን አንብብ። ዘመቻው እ.ኤ.አ. መጋቢት 1980 ሲጀመር በስፓኒሽ ብቻ ነበር። ሚሱራሳታ የሚባለው የነባሮቹ ድርጅት «በራሳችን ካልሆነ አንማርም» አለ። በጥቅምት በሚስኪቶ፣ በሱሞና በእንግሊዝኛ ሁለተኛ ዙር ተከፈተ። ጠይቀው ነው ያገኙት። በየካቲት 1981 የድርጅቱን መሪዎች ማሰር ተጀመረ፣ ያውም የዘመቻውን ማጠቃለያ ሊያከብሩ በተዘጋጁበት ሰሞን። ፕሪንዛፖልካ ላይ አንዱን መሪ ሊይዙ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ግጭት ተነሣ፣ አራት ወታደርና አራት ሚስኪቶ ሞቱ። ፊደል አስቆጥሮ አንባቢውን ማሰር።

ብርድ_አይፈራም፦

እሺ፣ ቀልዱን ልተወው። ግን አንድ ነገር ቅር ብሎኛል። መጅ፣ ቀፎ፣ ጉሙዝ እያላችሁ ታዝናላችሁ። ከዚህ የሄደው ድሃስ? በ2013 መተከል ውስጥ የታረደው የማን ልጅ ነው? የሰፋሪ ልጅ አይደለም ወይ? የክልሉ ሕገ መንግሥት «ባለቤት» ብሎ አምስት ብሔረሰብ ጠራ፣ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞ። እዚያ ተወልዶ ያደገው ምንድን ነው ታዲያ፣ እንግዳ? ያንተ አጎት በጊዜ ስለተመለሱ ነው ዛሬ ከሰል የሚሞቁት።

ጠባሴ_ማዶ፦

ልክ ነህ። ይሄን ሳልጽፍ መተዌ ጥፋት ነው።

አጎቴ ፈልገው አልሄዱም። ቀበሌው ስም ዝርዝር ይዞ መጣ፣ የእርዳታ ስንዴ ለመቀበል የተሰለፈውን ጭኖ ሄደ። በዚያ በሠፈራው 600 ሺህ ያህል ሰው ነው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ የተነሣው። ፓዊ ሲደርሱ መንደሩ ስም የለው፣ ቁጥር ነው። መንደር 7፣ መንደር 14። በወባ ስንቱን እንደቀበሩ ሲቆጥሩ ጣታቸው አለቀ። ሁለቱንም ድሃ አንድ እጅ ነው የገፋቸው፤ ጉሙዙን ከመሬቱ፣ ይፋቴውን ከቀዬው። ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። የልጅ ልጆቹ ላይ የሆነውን እኔ በዚህ ክር ልፈታው አልችልም። ሰው የተወለደበት አገር እንግዳ አይባልም፣ በዚህ ካንተ ጋ ነኝ።

ሳንዲኒስታዎችም ምክንያት ነበራቸው፣ ለሚዛን ልጨምረው። አሜሪካ የምትረዳቸው፣ ኮንትራ የሚባሉ ፀረ ሳንዲኒስታ ታጣቂዎች ከሆንዱራስ በኩል ወንዙን እየተሻገሩ ይገድሉ ነበር። ጦርነቱ የውሸት አልነበረም። «ለደኅንነታችሁ ነው» አሉ። ታስባ ፕሪ ላይ ቤትም ክሊኒክም ተሠራ። ሰዉ ግን ወንዙን ነው የሚፈልገው። ዓሣው፣ ሩዙ፣ መቃብሩ እዚያ ነው።

ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 ምሕረት አወጁ። ከዚያ ሊያናግሯቸው ተቀመጡ። በ1985 ሰዉ ወደ ኮኮ ወንዝ እንዲመለስ ተፈቀደ። ተሳስተናል ብለው ከተናገሩት መሪዎች ውስጥ ያኔ ሲያስሩ የነበሩት ጭምር አሉበት። ስንቱ መንግሥት ነው ጥይት እየተተኮሰበት እንዲህ የሚለው?

ሰላድንጋይ፦

ፔሩን ሳታነሡ ልትጨርሱ ነው? የከፋው እዚያ ነው።

«አንጸባራቂው ጎዳና» የሚባለው የማኦ ተከታይ ቡድን ትጥቅ ትግል የጀመረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1980 ነው፣ በአያኩቾ ደጋ፣ ቹስቺ በምትባል መንደር የምርጫ ኮሮጆ በማቃጠል። የሚታገለው ለድሃው የኬችዋ ገበሬ ነኝ እያለ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣችው የእውነት ኮሚሽን ሪፖርት 69,280 ሰው እንደሞተ ገመተ፣ ከአራት ሟች ሦስቱ አፍ መፍቻው ኬችዋ ወይም ሌላ ነባር ቋንቋ ነው። ከሞቱት ከግማሽ በላዩ በዚያው ቡድን እጅ ነው። ቀሪውን በአብዛኛው የመንግሥት ጦርና ደጋፊዎቹ።

አሻኒንካ የሚባሉ የጫካ ሰዎች አሉ። ከ55 ሺህ ውስጥ 6 ሺህ ያህል ሞተዋል፣ 5 ሺህ ያህል ቡድኑ ጫካ ውስጥ አስሮ ያሠራቸው ነበር፣ 10 ሺህ ያህል ተፈናቀሉ። ቡድኑ ለእነዚህ ሰዎች ስም አልነበረውም። «ብዙኀኑ» ነው የሚላቸው። ስም የሌለው ሰው ይቆጠራል እንጂ አይጠየቅም።

በተቃራኒው ሜክሲኮ፣ ቺያፓስ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1983 ጥቂት ከተሜ ግራዎች ጫካ ገቡ፣ ማያ የሚባሉትን ነባር ሕዝቦች ሊያነቁ፤ በኋላ ዛፓቲስታ የተባሉት ናቸው። አሥር ዓመት እዚያ ተቀመጡ። የሆነው ተገላቢጦሽ ነው፣ መንደሩ እነሱን አነቃቸው። ውሳኔ ከስብሰባ ወጣ፣ በጾትሲል፣ በጸልታል፣ በቾል። ጥር 1 ቀን 1994 ከተማ ይዘው ሲወጡ ዓለም ደነገጠ። የሴቶች ሕጋቸው ከአመፁ በፊት ነው የጸደቀው፤ ሴት ማንን እንደምታገባ፣ ስንት ልጅ እንደምትወልድ ራሷ ትወስናለች ይላል። መርሃቸው «እየታዘዙ መምራት» ነው። የሸዋ ሰው ይሄን ቢሰማ የሚስቅ ይመስለኛል፤ እኛ ጋ የሚታዘዘው ሌላ ነው፣ የሚመራው ሌላ።

ከመንግሥት ጋር በየካቲት 1996 ሳን አንድሬስ ላይ ተፈራረሙ። መንግሥት በተፈረመው መሠረት አልፈጸመውም። እነሱም አልጠበቁም፣ የራሳቸውን አስተዳደር አቆሙ።

ጋሼ_ዘማች፦

ጠባሴ፣ ሌላ የወር ግጥጥሞሽ ልስጥህ። መስከረም 1987 እ.ኤ.አ.። ኒካራጓ የባሕር ዳርቻውን የራስ ገዝ ሕግ አጸደቀች፣ ሕግ ቁጥር 28። በእኛ መስከረም 1980 ኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ሲመሠረት ደግሞ አምስት ራስ ገዝ አካባቢዎች ተዋቀሩ፦ ኤርትራ፣ ትግራይ፣ አሰብ፣ ድሬዳዋና ኦጋዴን። ይህንን ሲያጠና የነበረው በ1975 የተቋቋመው የብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩት ነው። ጠንካራ ሥራ ሠርተዋል፣ ካርታቸውን አይቻለሁ። ትንንሾቹን ሕዝቦች ሁሉ ዘርዝረዋል።

ታዲያ ለምን የኛው ወረቀት ሆኖ ቀረ? እነሱ ሁለት ዓመት መንደር ለመንደር ረቂቁን ይዘው ዞሩ። ፖርቶ ካቤሳስ በምትባል ከተማቸው ከዳርቻው ስድስት ሕዝቦች ሁሉ ተወካይ ሰብስበው አከራከሩ። ሕጉ የወጣው ከዚያ ነው። እኛ ጋ ተጠንቶ፣ ታትሞ፣ ከላይ ወረደ። ሲወርድ ደግሞ ግማሹ አገር ጦርነት ላይ ነው። ያኔ አስተማሪ ነበርኩ። ሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ላይ «ውይይት» ተደረገ። ካድሬው አነበበ፣ አጨበጨብን፣ ሻይ ጠጥተን ተበተንን። አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። ካድሬው «አስተያየት ነው ጥያቄ?» አላቸው። «መጸዳጃ ቤቱ የት ነው?» አሉት። እስካሁን ተንኮል ይሁን እውነት አላወቅሁም።

ብርድ_አይፈራም፦

ሃሃሃ፣ እኚህ አዛውንት ይመቹኝ።

እሺ፣ ሕግ ቁጥር 28 ጸደቀ። ዛሬስ ሚስኪቶ እንዴት ነው? እኔም ትንሽ አነበብኩ። ከምዕራብ የሚመጣው ሰፋሪ ደኑን እየመነጠረ ገብቷል፣ ሰውም ይገደላል። ያው ሳንዲኒስታ በሥልጣን ላይ እያለ።

የአልዩ_አምባ_ልጅ፦

እውነት ነው። ግን በእጃቸው የሚይዙት ነገር አለ። አዋስ ቲንግኒ የሚባል የሱሞ መንደር፣ መንግሥት ደናቸውን ለእንጨት ኩባንያ ሲሰጥባቸው እስከ አሜሪካ አህጉር አገሮች የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ረታ። በ2003 ደግሞ የጋራ መሬትን የሚያረጋግጥ ሕግ ወጣ፣ ቁጥር 445። ሕጉ ሰፋሪውን አላስቆመም፣ አውቃለሁ። ግን «ጠፍ መሬት ነው» ማለት አይቻልም። ወረቀቱ ላይ ስማቸው አለ።

እኛም ዛሬ ልዩ ወረዳ አለን። አልዩ አምባ ግን ከእሱ ውጭ ነው። እሱም ሌላ ወሬ ነው፣ አሁን አልጀምረውም።

ጠባሴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አጎትህ የመጁን ባለቤት አግኝተውት ያውቃሉ?

ጠባሴ_ማዶ፦

አሁን ከጎናቸው ሆኜ ነው የምጽፈው። ጥያቄሽን አነበብኩላቸው። ዝም አሉ። ከሰሉን ቆሰቆሱ። የሄዱ መሰለኝ በሐሳብ።

«አገኘሁት» አሉ። «በሁለተኛው ዓመት፣ ማር ሲደርስ። አንድ ጎልማሳ ነው። ዛፉ ሥር መጥቶ ቁጭ አለ። የእሱን ቋንቋ አላውቅ፣ የእኔን አያውቅ። በቅል ውኃ ሰጠሁት፣ ጠጣ። ወጥቶ ማሩን ቆረጠ። ገሚሱን በቅጠል ጠቅልሎ ከደጄ አስቀመጠልኝ። እኔ እኮ የሱ ደጅ ነበር የተቀመጥኩት።»

«መጁስ?» አልኳቸው።

«ሚስቴ እየፈጨችበት ነበር። ቆሞ አያት። እሷ ደንግጣ እጇን አነሣች። በእጁ ‹ቀጥይ› አላት። ከዚያ ሄደ። በሦስተኛው ዓመት ቀፎው ሙሉ ሆነ፣ አልመጣም።»

ብርድ_አይፈራም፦

አጎትህ እስከ መቼ ነው ደብረ ብርሃን ያሉት?

ጠባሴ_ማዶ፦

እሑድ ይመለሳሉ።

ብርድ_አይፈራም፦

ቅዳሜ ጠዋት መጣሁ። ሦስተኛ ጋቢ ይዤላቸው እመጣለሁ።